ቼክ የሚለው ቃል ንጉሥ ነበር

የቃላት ዓምድ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱን ደብዳቤዎች በርከት ያሉት ስለ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል የሚጠይቁ ናቸው። ቃሉ «ቼክ» ነው። ባንክ ቤት፣ ጋራዥ፣ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ትምህርት ቤት፣ የትም ይሰማል፤ አማርኛችን ውስጥም ከገባ ሰንብቷል። የዚህን ዕትም ዓምድ በሙሉ ለእሱ ሰጥተነዋል። ዓመታቱም ቀኖቹም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ የባንኩ ቼክ፣ የቼዙ ቼክ፣ «ቼክ አድርግ» የምንለውና አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን ያለበት የቼክ ሸሚዝ አንድ ቃል ናቸው ወይስ ድምፃቸው ብቻ ነው የገጠመው? ብለው ጠየቁኝ። እርግጠኛ ሆኜ መመለስ አልቻልኩም።
*መምህርት፣ ከደሴ*

መልስ፦ አራቱም አንድ ቃል ናቸው፤ የሁሉም መነሻ የቼዝ ገበታ ነው።

ሥሩ የፋርሱ «ሻህ» ነው፤ ንጉሥ ማለት። ጨዋታው ከሕንድ ወደ ፋርስ፣ ከፋርስ ወደ ዓረቦች ሲሻገር አንድ ደንብ አብሮት ተጓዘ፦ የባላጋራህን ንጉሥ በቀጥታ ስታጠቃ ዝም ብለህ አታጠቃም፤ «ሻህ!» ብለህ ታስጠነቅቃለህ። «ንጉሥህን!» እንደማለት ነው። ቃሉ አውሮፓ ሲገባ የላቲን ጸሐፊዎች የ«ሽ» ድምፅም የመጨረሻው «ህ»ም ስላስቸገራቸው «ስካኩስ» ብለው ጻፉት። የድሮ ፈረንሳይኛ ከዚያ «እስቼክ» አደረገው። እንግሊዞች በ14ኛው መቶ ዘመን ሲወስዱት የፊቱን «እስ» ጣሉና «ቼክ» ቀረ። የፈረንሳይኛው ብዙ ቁጥር «እስቼስ» ደግሞ በተመሳሳይ መንገድ ፊቱን አጥቶ የጨዋታው ስም ሆነ፤ እኛ «ቼዝ» የምንለው ማለት ነው። ስለዚህ ቼዝ ማለት በሥሩ «ነገሥታት» ማለት ነው።

ንጉሥ የነበረው ቃል እንዴት «ማጣራት» ሆነ? ለተማሪዎችዎ በገበታው ላይ ቢያሳዩአቸው ቶሎ ይገባቸዋል። አንዱ ተማሪ የጓደኛውን ፈረስ ሊበላ እጁን ሲዘረጋ ንጉሡ ላይ «ቼክ» ይባልበት። እጁ እዚያው ይቆማል፤ ንጉሡን ሳያድን ሌላ ነገር ማድረግ አይችልም። የመጀመሪያው የትርጉም ለውጥ ይህ ነው፦ «ንጉሥ!» የሚለው ጩኸት «ቁም!» ሆነ። ከዚያ ማስቆም፣ መግታት ሆነ። የሚገታ ሰው የሚቆጣጠር ነውና መቆጣጠር ሆነ። የሚቆጣጠር ሰው ደግሞ አንዱን ከሌላው እያስተያየ ነው የሚቆጣጠረው፤ በዚህ በኩል ማመሳከርና ማጣራት መጣ። ዛሬ በብዛት የምንሰማው ይህ የመጨረሻው ትርጉም ከእነዚህ ሁሉ ታናሽ ነው። ሸሚዙ ግን በዚህ መስመር አልመጣም። እሱ ስሙን ያገኘው ከገበታው መልክ ነው። የባንኩን ቼክ በሚቀጥለው መልስ እናየዋለን።

«ቼክ ሜት» የሚለው የጨዋታው ማብቂያም ከዚያው ነው፤ «ሻህ ማት»። ዓረቦች ቃሉን «ንጉሡ ሞተ» ብለው ተረድተውታል፤ ለአማርኛና ለግዕዝ ጆሮም «ማት» እና «ሞተ» ዘመዳሞች ናቸው፤ የሴም ቋንቋዎች የጋራ ሥር ነውና። በፋርስኛ ግን «ማት» መውጫ ያጣ፣ ግራ የገባው ማለት ነው። እኛ ወደ ፋርሱ ትርጉም እናዘነብላለን። በቼዝ ንጉሥ ተበልቶ ከገበታው አይነሳም፤ መሄጃ አጥቶ በቆመበት ነው ጨዋታው የሚያልቀው።

ለተማሪዎችዎ አንድ ተጨማሪ ነገር ይንገሩልን። አማርኛም ይህን ጨዋታ ስም ሰጥቶ ተቀብሎታል፤ «ሰንጠረዥ» ከዓረብኛው «ሻትራንጅ» የመጣ ነው። የእኛ የጥንት ሰንጠረዥ ገበታ ጥቁርና ነጭ አልነበረም፤ ቀይ ጨርቅ ላይ በጥቁር ወይም በሰማያዊ ቅዳጅ መስመር የተሠራ ነበር። አጨዋወቱም የራሱ ወግ ነበረው፦ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ የሚባል ነገር የለም፤ ሁለቱም በፈለጉት ፍጥነት ያንቀሳቅሳሉ፤ ይህ ክፍል «ወረራ» ይባላል። ዛሬ ግን «ሰንጠረዥ» ስንል ብዙዎቻችን የሚታየን የደመወዝ ሰንጠረዥ ወይም የፕሪሚየር ሊጉ የደረጃ ሰንጠረዥ ነው፤ የጨዋታው ገበታ ስም ለማንኛውም በአግድምና በቁም መስመር ለተከፈለ ነገር ተላለፈ። ቀጥሎ እንደምናየው እንግሊዞችም በዚያው ገበታ ልክ ይህንኑ አድርገዋል።

ጥያቄ፦ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ከእንግሊዝ የሚመጡ ሰነዶች ላይ የባንኩ ቼክ በ«ኪው» ይጻፋል፤ ከአሜሪካ የሚመጡት ላይ በ«ሲ» እና «ኬ» ያልቃል። የቱ ነው ትክክል? የእንግሊዝ የገንዘብ ሚኒስትርስ «ቻንስለር ኦቭ ዘ ኤክስቼከር» የሚባለው ለምንድን ነው?
*ከአዳማ*

መልስ፦ ሁለቱም ትክክል ናቸው። አሜሪካኖች ለሁሉም ትርጉም አንድ አጻጻፍ አላቸው። እንግሊዞች የ«ኪው»ውን ለባንክ ወረቀቱ ብቻ ለይተው ይጠቀሙበታል፤ የእኛ ባንኮችም በእንግሊዝኛ ሲጽፉ በአብዛኛው የእንግሊዙን ይከተላሉ። እንግዲህ ደብዳቤው ለማን እንደሚሄድ አይተው አንዱን ይምረጡና እስከ መጨረሻው በእሱ ይጽኑ። የተለመደው ስህተት ሌላ ነው፦ «እባክዎ ያረጋግጡልን» ለማለት የሚጻፈውን ግሥ በ«ኪው» መጻፍ። ይህ በየትኛውም አገር ስህተት ነው።

ሁለተኛው ጥያቄዎ ግን ረዘም ያለ መልስ ይገባዋል።

የእንግሊዝ ንጉሥ ግብር የሚሰበሰብበት መሥሪያ ቤት በቀዳማዊ ሄንሪ ዘመን፣ በ12ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ተደራጀ። ስሙን ያገኘው ከአንድ ጠረጴዛ ነው። በ1170ዎቹ መጨረሻ የንጉሡ ግምጃ ቤት ኃላፊ የነበረው ሪቻርድ ፊትዝኒል ጠረጴዛውን እንዲህ ብሎ ገልጾታል፦ ርዝመቱ 10 ጫማ፣ ወርዱ 5 ጫማ፤ በእኛ መለኪያ 3 ሜትር በ1 ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ዙሪያውን አራት ጣት ከፍታ ያለው ጠርዝ አለው፤ የተቀመጠው ነገር ተንከባሎ እንዳይወድቅ። ላዩ ላይ በየዓመቱ በፋሲካ የሚገዛ ጥቁር ጨርቅ ይነጠፋል። ጨርቁ በአንድ ጫማ ወይም በአንድ ስንዝር ርቀት መስመር የተሠመረበት ነው። መልኩ የቼዝ ገበታ ስለመሰለ በላቲን «ስካካሪየም»፣ በፈረንሳይኛ «እስቸኪየር» አሉት፤ የቼዝ ገበታ ማለት ነው። እንግሊዞች ኋላ «እስ» የሚለውን ጅማሬ የላቲኑ «ኤክስ» መስሏቸው አረሙት፤ «ኤክስቼከር» የሆነው በዚህ ስህተት ነው።

መስመሮቹ ለጌጥ አልነበሩም። ከቀኝ ወደ ግራ የመጀመሪያው ዓምድ የፔኒ ነው፤ ቀጥሎ የሺሊንግ፣ የፓውንድ፣ የሃያ ፓውንድ፣ የመቶ፣ የሺህ፣ የአሥር ሺህ። 12 ፔኒ አንድ ሺሊንግ፣ 20 ሺሊንግ አንድ ፓውንድ ነው። ግብር ሰብሳቢው ሸሪፍ ሒሳቡን ሊያወራርድ ሲቀርብ፣ ያለበት ዕዳ በላይኛው ረድፍ በጠጠር ይደረደራል፤ የከፈለው በታችኛው ረድፍ።

እርስዎ የሙያው ሰው ስለሆኑ ራሳችን ባወጣነው ቁጥር አብረን እንሥራው። ዕዳው 163 ፓውንድ ከ7 ሺሊንግ ከ10 ፔኒ ይሁን። በላይኛው ረድፍ የመቶ ዓምድ ላይ 1 ጠጠር፣ የሃያ ላይ 3፣ የፓውንድ ላይ 3፣ የሺሊንግ ላይ 7፣ የፔኒ ላይ 10። የተከፈለው 121 ፓውንድ ከ9 ሺሊንግ ከ4 ፔኒ ነው፤ በታችኛው ረድፍ መቶ 1፣ ሃያ 1፣ ፓውንድ 1፣ ሺሊንግ 9፣ ፔኒ 4። አሁን ከላይም ከታችም እኩል እኩል ያንሱ። ፔኒው ላይ 6 ይቀራል። ሺሊንጉ ላይ ከታች 9፣ ከላይ 7 ብቻ ስለሆነ አይበቃም፤ ስለዚህ ከላይኛው ረድፍ አንድ የፓውንድ ጠጠር ተነሥቶ በ20 የሺሊንግ ጠጠር ይመነዘራል፤ ከ27 ላይ 9 ሲነሣ 18። ፓውንዱ ላይ የቀሩት 2 ነበሩ፤ 1 ሲነሣ 1። ሃያው ላይ 2። መቶው ባዶ። ቀሪ ዕዳ፦ 41 ፓውንድ ከ18 ሺሊንግ ከ6 ፔኒ። ባዶው ዓምድ ባዶ ሆኖ ስለሚታይ የዜሮ ምልክት አላስፈለጋቸውም፤ በሮማውያን ቁጥር ለሚጽፍ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነበር። ማንበብ የማይችል ሸሪፍም ዕዳው ሲቀልም ሲቀርም በዓይኑ ያያል። ፊትዝኒል ራሱ ግምጃ ቤት ኃላፊውንና ሸሪፉን ፊት ለፊት እንደተቀመጡ ሁለት የቼዝ ተጫዋቾች አድርጎ ነው የገለጻቸው።

ደረሰኙ ደግሞ እንጨት ነበር። ብዙ ጊዜ ከሐዘልነት ዛፍ የሚቆረጥ በትር ላይ ገንዘቡ በጭረት ይቀረጻል፦ ለ1,000 ፓውንድ የመዳፍ ውፍረት፣ ለ100 የአውራ ጣት፣ ለ20 የትንሿ ጣት፣ ለ1 ፓውንድ የበሰለች የገብስ ፍሬ፤ ፔኒ ስትሆን እንጨቱ ሳይነሣለት በቢላ ጫፍ ትሰመራለች። ከዚያ በትሩ ጭረቶቹን ለሁለት አካፍሎ በቁመቱ ይሰነጠቃል። ረጅሙን ከፋዩ ይወስዳል፤ ስሙ «ስቶክ» ነው። አጭሩ መሥሪያ ቤቱ ዘንድ ይቀራል፤ «ፎይል» ይባላል። ሒሳብ ሲጣራ ሁለቱ ይገጠማሉ። አንዱ ወገን ጭረት ቢጨምር ሌላው ላይ አይኖርም፤ እንጨቱም በተሰነጠቀበት መስመር ካልገጠመ ሐሰተኛ ነው። በትሮቹ ከሥራ የወጡት በ1826 ነው። ጥቅምት 16 ቀን 1834 የተጠራቀመውን በትር በፓርላማው ሕንፃ ምድጃ ውስጥ ሲያቃጥሉ እሳቱ ከምድጃው አለፈና የፓርላማው ሕንፃ ተቃጠለ።

ወደ ባንክ ወረቀቱ ስንመለስ፦ በ18ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ «ቼክ» ይባል የነበረው ለተቀባዩ የሚሰጠው ወረቀት አልነበረም። ተቆርጦ የሚቀረው ቁጥር ያለበት ክፍል ነበር፤ ኋላ ማጭበርበር ሲጠረጠር የሚመሳከርበት፣ ልክ እንደ እንጨቱ ፎይል። በእንግሊዝኛ ይህ ቀሪ ዛሬም «ካውንተርፎይል» ይባላል። በጊዜ ብዛት ስሙ ከቀሪው ወደ ተቆራጩ ተሻገረ። ቀጥሎ እንግሊዞች አጻጻፉን በ«ኤክስቼከር» አምሳል በ«ኪው» ለወጡት፤ አሜሪካኖች የድሮውን ይዘው ቀሩ።

ስለዚህ ቼክ ሲቆርጡ ቀሪው ላይ ቀን፣ ተቀባይና የገንዘብ ልክ መጻፍ የቃሉ የመጀመሪያ ሥራ ነበር ማለት ነው። ከመቅደድዎ በፊት ይሙሉት፤ ከተቀደደ በኋላ በትዝታ የሚሞላ ቀሪ ለማመሳከሪያ አይሆንም። አማርኛም እዚህ ላይ የራሱን ቃል መጨመሩን ሳናደንቅ አናልፍም። ሕዝቡ «ደረቅ ቼክ» የሚለውን የሕግ ሰዎች «በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ» ይሉታል፤ ቼኩ ስንቁን ሳይዝ መንገድ እንደወጣ መንገደኛ።

ጥያቄ፦ እዚህ አብሮኝ የሚሠራ ሰው ቼክ የሚለው ቃል በቀጥታ ከዓረብኛው «ሰክ» የመጣ ነው፤ አውሮፓውያን ከዓረብ ነጋዴዎች ነው የወሰዱት አለኝ። እውነት ነው?
*ከዱባይ*

መልስ፦ ይህ አስተያየት በብዙ ጽሑፎች ላይ ይገኛል፤ ባልደረባዎም ያለ ምክንያት አላሉም። «ሰክ» የክፍያና የዕዳ ሰነድ ነበር፤ በጣም የቆየም ነው። ኢብን ሐውቀል የተባለው ተጓዥ በ10ኛው መቶ ዘመን በዛሬዋ ሞሪታኒያ ክልል በነበረችው አውዳጉስት ከተማ የ42,000 ዲናር ሰክ አይቶ ጽፏል፤ የተጻፈው ሞሮኮ ውስጥ በነበረችው ሲጂልማሳ ነጋዴ ላይ ነው። ገንዘብን በወረቀት ማስተላለፍን በተመለከተ አውሮፓ ኋላ ነው የደረሰችው።

የቃሉ መንገድ ግን ሌላ ነው። «ቼክ» በእንግሊዝኛ በመጀመሪያ የጨዋታ ቃል ሆኖ ይገኛል፤ ከዚያ የመግታት፣ ከዚያ የማመሳከር፣ ከዚያ የቀሪው ወረቀት፣ በመጨረሻ የባንኩ ሰነድ። እያንዳንዱ ደረጃ በጽሑፍ ይታያል። ከ«ሰክ» መጥቶ ቢሆን ኖሮ ከዓረቦች ጋር ቀድመው የነገዱት ጣሊያኖች ቃሉን በያዙት ነበር፤ እነሱ ግን የባንኩን ቼክ የሚሉት «አሴኞ» ነው። የፈረንሳይኛውና የስፓኒሽኛው ስም ከእንግሊዝኛ የተወሰደ ነው። ዱባይ ባንክ ውስጥ የሚሰሙት «ሺክ»ም ከአውሮፓ ተመልሶ ወደ ዓረብኛ የገባ ነው። ዓረብኛ በቃሉ ታሪክ ውስጥ ድርሻ አለው፤ ድርሻው ግን የፋርሱን «ሻህ» ተቀብሎ ወደ አውሮፓ ማሻገሩ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄን ልጠይቅ አሜሪካ ልሄድ ነው። ትኬቴ ላይ ሁለት «ቼክድ ባጌጅ» ይላል። የተፈተሸ ሻንጣ ማለት ነው? ታዲያ የእጅ ሻንጣዬስ አይፈተሽም? ልጄ ደግሞ ምግብ ቤት ስትሄጂ «ቼክ» ብለሽ ትጠይቂያለሽ ብላኛለች፤ ባንክ ነው እንዴ?
*እናት፣ ከአዲስ አበባ*

መልስ፦ እናታችን፣ የተፈተሸ ማለት አይደለም፤ ፍተሻማ ለሁለቱም አይቀርም። እዚህ ላይ «ቼክ» ማለት ቁጥር ያለበት ምልክት ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን የአሜሪካ ባቡሮች መንገደኛው ሻንጣውን ሲያስረክብ አንድ ቁጥር የተመታባቸው ሁለት የናስ ቁርጥራጮች ያዘጋጁ ነበር። አንዱ ሻንጣው ላይ ይታሰራል፤ ሌላው ለባለቤቱ ይሰጣል። ሲደርሱ ሁለቱ ይመሳከራሉ። ቁርጥራጩ «ቼክ» ተባለ፤ እሱን ተቀብለው ያስረከቡት ሻንጣ «ቼክድ» ሆነ። በአማርኛ «የሚጫን ሻንጣ» ቢሉ በትክክል ይገጥማል።

ዛሬ ናሱ በወረቀት ተተክቷል። ቦሌ ሻንጣዎን ሲያስረክቡ እጀታው ላይ ረጅም ወረቀት ይጠመጥሙበታል፤ ባለ 10 አሃዝ ቁጥር ያለበትን ትንሹን ቁራጭ ለእርስዎ ይሰጡዎታል ወይም ፓስፖርትዎ አለዚያም የመሳፈሪያ ካርድዎ ላይ ይለጥፉታል። ሻንጣዎ እጅዎ እስኪገባ ድረስ አይጣሉት። ቢጠፋ የሚፈለገው በዚያ ቁጥር ነው፤ «ጥቁር ሻንጣ ነው፣ ቀይ ጨርቅ አስሬበታለሁ» ማለት ብቻውን አያስገኝም። ሁለት ሻንጣ ካለዎት ሁለት ቁራጭ መኖሩን እዚያው መስኮቱ ላይ ይቁጠሩ፤ በላያቸው የተጻፈው የመድረሻ ከተማም የእርስዎ መሆኑን መስኮቱ ላይ ያሉት ልጆች እንዲያነቡልዎ ያድርጉ። ከቀድሞ ጉዞ የቀረ ወረቀት እጀታው ላይ ካለ ገንጥለው ያንሱት፤ ማሽኑ አሮጌውን ሊያነብ ይችላል።

የምግብ ቤቱ ቼክ ሒሳብ የተጻፈበት ወረቀት ነው። አሜሪካ «ቼክ ፕሊስ» ይባላል፤ ለንደን ቢሆን «ቢል» ነበር የሚሉት። ልጅዎ «ቼኬ ገባ» ስትል ደግሞ ደመወዟን ማለቷ ነው፤ ገንዘቡ በስልክ ቢገባም ስሙ አልተለወጠም። ፎርም ላይ «ቼክ» የሚል ትእዛዝ ሲያዩ እኛ ትምህርት ቤት «ራይት» የምንለውን ምልክት ሳጥኑ ውስጥ ያድርጉ። (ስዊድንና ፊንላንድ ላሉ ወላጆች፦ እዚያ አገር መምህር ይህን ምልክት የሚያደርገው በተሳሳተው መልስ ላይ ነው። የልጃችሁ ደብተር በ«ራይት» ተሞልቶ ቢመጣ ከመሳም በፊት ነጥቡን እዩ።)

እናታችን፣ የልጅዎን ጎረቤቶች እራት ጠርታችኋቸው «ሬይን ቼክ» ቢሉ አይቀየሟቸው። የቤዝቦል ጨዋታ በዝናብ ሲቋረጥ ተመልካቹ በትኬቱ ቁራጭ ሌላ ቀን ይገባ ነበር፤ ቃሉ ከዚያ ነው። «ዛሬ አልመችም፤ ለሌላ ቀን ይቆይልኝ» ማለት ነው።

ጥያቄ፦ በትርጉም ሥራ ላይ ነኝ። «ቼክስ ኤንድ ባላንስስ» የሚለውን አንዳንዱ «ማጣራትና ማመጣጠን» ይለዋል፤ አልጥምህ አለኝ። በጠቅላላ ይህን ቃል ወደ አማርኛ ስመልስ ምን ልያዝ?
*ከባሕር ዳር*

መልስ፦ አልጥምዎ ማለቱ ትክክል ነው። እዚያ ሐረግ ውስጥ ያለው «ቼክ» የድሮው ነው፤ የመግታቱ። የመንግሥት አካላት አንዱ ሌላውን ይመረምራል ማለት አይበቃም፤ ያስቆመዋል ማለት ነው። ፕሬዚዳንት ሕግ ሲመልስ፣ ፍርድ ቤት ሕጉን ሲሽር፣ ምክር ቤት በጀት ሲከለክል፣ ያ ሁሉ «ቼክ» ነው። «የእርስ በርስ ቁጥጥርና ሚዛን» የተለመደውና የሚያስኬደው ነው። «አንቼክድ ፓወር» ሲያጋጥምዎ ግን «ያልተጣራ ሥልጣን» ብለው እንዳይጽፉ፤ «ልጓም የለሽ ሥልጣን» ብለው ይጻፉ። ይህ ለማሳመር ብቻ አይደለም፦ በእንግሊዝኛ ፈረስ አንገቱን እንዳይደፋ ቀና አድርጎ የሚይዘው ማሰሪያ ራሱ «ቼክሬይን» ነው የሚባለው።

የቱ ትርጉም እንደሆነ የሚለዩበት ቀላል መፈተኛ አለ። ቃሉን አውጥተው በቦታው «ማስቆም» ያስገቡ፤ ዓረፍተ ነገሩ ከቆመ የድሮው ትርጉም ነው። ካልቆመ የማረጋገጡ ነው። የሕክምናና የታሪክ ጽሑፍ ላይ በሽታን «ቼክ» ማድረግ፣ ጦርን «ቼክ» ማድረግ ሲል ሁልጊዜ መግታት ነው።

ለማረጋገጡ ደግሞ አማርኛ አንድ ቃል ሳይሆን ብዙ ቃል አለው፤ ያንን ሀብት በ«ቼክ አድርግ» መዋጥ ያሳዝነናል። የደም ግፊት ይለካል። ሻንጣ ይፈተሻል። ወሬ ይጣራል። ሒሳብ ይመሳከራል። በር መቆለፉ ይረጋገጣል። ሕመምተኛ ይመረመራል። ወጥ ጨው ይቀመሳል። ስልክ ይታያል። ስምንቱም በእንግሊዝኛ በአንድ ቃል ይሄዳሉ፤ ወደ አማርኛ ሲመልሱ ግን መጀመሪያ የሚጠየቀው «ምኑ ነው ቼክ የሚደረገው?» የሚለው ነው። ግሡን የሚመርጥልዎ ነገሩ ራሱ ነው።

ጥያቄ፦ የውሃ መስመር ሠራተኛው ፓምፑ ላይ «ቼክ ቫልቭ» ግዛ አለኝ። የሚቆጣጠር ዕቃ መስሎኝ ገዛሁ፤ ምንም አያሳይም። መኪናዬ ላይ የሚበራው «ቼክ ኢንጂን»ስ ከዚህ ጋር አንድ ነው?
*ከሐዋሳ*

መልስ፦ ቃሉ አንድ፣ ትርጉሙ ሁለት። ቫልቩ የሚገታው ነው፦ ፓምፑ ሲጠፋ ወደ ጣሪያ ጋን የወጣው ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ በራሱ ይዘጋል። የሚያሳይዎት ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ገላው ላይ የተቀረጸ ቀስት። ቀስቱ ውሃው ወደሚሄድበት ማመልከት አለበት። ተገልብጦ ከተገጠመ ፓምፑ እየጮኸ ጠብታ አይወጣም። በውስጡ መዝጊያዋ በማጠፊያ የምትወዛወዝ ዓይነት ከሆነ በአግድም ወይም ውሃ ወደ ላይ በሚወጣበት ቀጥ ያለ ቧንቧ ላይ ነው የሚገጠመው፤ ውሃ ወደ ታች በሚወርድበት ላይ ክብደቷ ስለሚከፍታት አትዘጋም። ደህና ሲሠራ ቆይቶ ውሃው መመለስ ከጀመረ ብዙ ጊዜ አሸዋ ወይም የቴፍሎን ቁራጭ መቀመጫው ላይ ስላለ ነው፤ ፈትተው ይጠቡት።

የመኪናው መብራት የማረጋገጡ ነው፤ «ሞተሩን አስመርምር» ይላል። ሳያቋርጥ ከበራና መኪናው እንደወትሮው ከሄደ የነዳጅ ክዳን መላላት እንኳ ሊያበራው ይችላል፤ አጥብቀው ይዝጉት፤ ካልጠፋ በኮምፒውተር የስህተቱን ቁጥር የሚያነብ ጋራዥ ይውሰዱት። ብልጭ ድርግም ካለ ግን አንዱ ሲሊንደር እየሳተ ነው፤ ሳይቃጠል የሚወጣው ነዳጅ የጭስ ማጣሪያውን አግሎ ያበላሸዋል። ፍጥነት ቀንሰው ዳር ይያዙ።

ጥያቄ፦ «ቼክ ሪፐብሊክ»ስ ከዚህ ቃል ጋር ይገናኛል?
*ተማሪ፣ ከጎንደር*

መልስ፦ አይገናኝም። በፊደላችን ስለተመሳሰለ ብቻ ነው። የአገሩ ስም የሕዝቡ ስም ነው፤ እንግሊዝኛ ውስጥም አጻጻፉ ፈጽሞ ሌላ ነው፤ በፖላንድኛ አጻጻፍ በኩል ነው የገባው። ከዚያ አገር ወደ አማርኛ የገቡ ቃላት ግን አሉ። አንዱ «ሮቦት» ነው፤ በቼክ ቋንቋ የግዳጅ ሥራ ከሚለው ቃል የወጣ። ሌላው አያትዎ በደንብ የሚያውቁት «ብሬን» ነው፤ መትረየሱ። ንድፉ የመጣው ብርኖ ከተባለች የቼክ ከተማ ነው፤ የተሠራው እንግሊዝ አገር ኤንፊልድ ላይ ነው። ከብርኖ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ፊደላት፣ ከኤንፊልድም የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወስደው አጋጠሟቸው።